ውኃ ፈቃድ አይጠይቅም

ያኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ልደታ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስራ አንደኛ ክፍልን አስተምር ነበር። ቤታችን አብነት ሰፈር ነው፤ እኔ፣ አባቴና ታናሽ እህቴ ረድኤት አብረን እንኖራለን። እናታችን ያረፈችው ረድኤት ገና ዳዴ ስትል ነው። አባታችን አቶ ወልዴ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቶ የሰፈሩን ሱሪ ሲያሳጥርና ዚፕ ሲቀይር እኛን አሳደገን። ሌላ ሚስት አላገባም። “ሁለት ሴቶች አሉኝ፣ ይበቁኛል” ይል ነበር።

ረድኤትን ስኳር የያዛት በዘጠኝ ዓመቷ ነው። “ስኳር የትልቅ ሰው በሽታ አይደለም እንዴ?” ያላለን ጎረቤት የለም። የእሷ ዓይነቱ ግን ልጆችን ነው የሚይዘው። ሰውነቷ ኢንሱሊን ማምረት አቁሞ ስለነበር ጠዋትና ማታ በመርፌ መውሰድ ነበረባት። መጀመሪያ አባቴ ይወጋት ነበር፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነ መርፌ አይፈራም። አደግ ስትል ግን ራሷ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ትወጋና ትጨርሳለች። ጓደኞቿ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እሷ ትስቅባቸዋለች።

አስራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ተማሪዬ ሆነች። ቤት በስሜ “ሰላም” እያለች የምትጠራኝ ልጅ ክፍል ውስጥ “ቲቸር” ስትለኝ ሁለታችንም ሳቃችንን ለመያዝ እንታገል ነበር። ስለ ሴል ሽፋን ያስተማርኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብ ሠርቼ፣ “ይህ ሽፋን ዝም ብሎ አጥር አይደለም” አልኳቸው። “ይመርጣል። ኦክስጅን እንደ ልቡ ያልፋል። ውኃም ጨው ወይም ስኳር ወደ በዛበት ወገን ይሄዳል፣ ፈቃድ አይጠይቅም። ስኳር ግን ትልቅ ስለሆነ በራሱ አያልፍም፤ የሚያሳልፈው በር ያስፈልገዋል። በጡንቻና በስብ ሴሎች ላይ በሮቹ በብዛት ወደ ሽፋኑ የሚወጡት ደግሞ ኢንሱሊን ሲያዝዝ ነው።”

ረድኤት እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ ኢንሱሊን ከሌለስ?”

“ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ሴሉ ይራባል።”

“ስኳሩ ደጅ ሞልቶ?”

“ሞልቶ።”

“ታዲያ ምን ይበላል?”

“የራሱን ስብ ያቃጥላል። ከዚያ ቃጠሎ የሚወጣው አሲድ ደግሞ ደሙን ይመርዛል።”

“እሺ፣ ገባኝ” ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከሁላችንም በላይ የገባት እሷ ነበረች።

በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በየወሩ ኢንሱሊን የምንወስድበት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን አጣ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ አንገቷን ነቀነቀች። “አልመጣም። የሚቀጥለው ሳምንት ሞክሩ።” በሚቀጥለው ሳምንትም አልመጣም። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ አባቴ ሥራውን እየተወ፣ ከልደታ እስከ ተክለ ሃይማኖት ያለውን ፋርማሲ ሁሉ አዳረስን። አንዱ “ትናንት አለቀ” ይላል። ሌላው ገና ስሙን ስንጠራ እጁን ያወናጭፋል። ከብዙ መንከራተት በኋላ አባቴ ተክለ ሃይማኖት አንዲት ብልቃጥ አገኘ። የመጨረሻዋ ነበረች። በረዶ በያዘ ፔርሙስ ውስጥ አድርጎ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ ይዟት መጣ። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እጠይቃታለሁ።

“ረዲ፣ ወጋሽ?”

“ወግቻለሁ።”

አልዋሸችም፤ ትወጋ ነበር። ያላወቅነው ግማሽ ግማሹን መሆኑን ነው።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ የአባቴ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። “ሰላም! ነይማ! አተነፋፈሷ ደስ አላለኝም።” ሌሊቱን ስታስመልስ እንደነበር፣ እኔን እንዳይቀሰቅስ ከልክላው እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እንዳደረ ነገረኝ። ገብቼ ሳያት አልጋው ላይ ተደግፋ፣ ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው በጥልቀትና በፍጥነት ትተነፍሳለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ጠጋ ስል ትንፋሿ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ያ ሽታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሴሎቿ ስኳሩን አጥተው ስብ እያቃጠሉ ነው።

“ረዲ፣ መድኃኒቱስ?”

“ትናንት አለቀ” አለች፣ በሁለት ትንፋሽ መካከል። “ግማሽ ግማሹን ነበር የምወጋው... እስኪመጣ ላቆየው ብዬ። አባዬ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲለምን... አላስቻለኝም።”

አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጎረቤታችን ሚኒባስ ነጂ ስለነበር በሩን ደበደብኩ። እሱም በነጠላ ጫማ ወጥቶ መኪናውን አስነሳ።

የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በሽተኛ በበሽተኛ ላይ ነበር። የእሷን አተነፋፈስ ያየው ወጣት ዶክተር ግን ወረፋ አላስጠበቀንም። ጣቷን ወግተው ሲለኩ መሣሪያው ቁጥር ማሳየት አቅቶት “ከፍተኛ” ብሎ ብቻ ቆመ። ወዲያው የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ተሰቀለላት። አባቴ ፕላስቲኩን አይቶ ደነገጠ።

“ሲስተር፣ ስኳሯ ሞልቷል እያላችሁ ግሉኮስ ትሰቅሉባታላችሁ?”

“ግሉኮስ አይደለም አባባ” አለችው ሲስተሯ። “ጨውና ውኃ ነው። ሰውነቷ ደርቋል።”

ቀጥላም ከማቀዝቀዣ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አምጥታ መርፌ አስገባች። ኢንሱሊን ነበር። አባቴ ብልቃጧን ትክ ብሎ አየ። “ይህችው አይደለች እንዴ?” አለኝ ቀስ ብሎ። “ይህችን እኮ ነው ስንፈልግ የከረምነው።” ለድንገተኛ ተብሎ የተቀመጠች ናት። ሰው ለመሞት እስኪቃረብ ድረስ አትገኝም።

ወንበር አልነበረም። ከአልጋው ግርጌ ቆመን ስንጠብቅ አባቴ ጠየቀኝ። “እስቲ አስረጂኝ። ስኳሩ ደሟ ውስጥ ካለ ሰውነቷ ለምን ይራባል?” በሱ ቋንቋ ልነግረው ሞከርኩ። ሥጋችን ከማይታዩ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ መሆኑን፣ እያንዳንዷ ክፍል በስስ ሽፋን እንደተሸፈነች፣ ያ ሽፋን አንዱን አስገብቶ ሌላውን እንደሚመልስ። “ኢንሱሊን ካላዘዘው የስኳሩ በር አይከፈትም፣ አባዬ።” ራሱን ነቀነቀ። “አሁን ተከፈተ?” አለ። “አሁን ተከፈተ” አልኩት።

እውነትም ረፋዱ ላይ አተነፋፈሷ ረጋ አለ። ወደ እኩለ ቀን ዓይኗን በደንብ ገለጠች። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው።

“ቲቸር” አለች፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። “ሰኞ ፈተና አለብን። ታራዝሚልኛለሽ?”

“ለአንቺ ብቻ?”

“ለክፍሉ በሙሉ። ጀግና እሆናለሁ።”

አባቴ ሳቀ። ጮክ ብሎ፣ ሰው ዞር ብሎ እስኪያየው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ለዘመድ ልደውል ብሎ ወጣ። በመስኮቱ በኩል ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ “ተርፋለች! አዎ፣ አወራች!” ይላል ለእያንዳንዱ። እኔ ግን ዶክተሩን ጠየቅኩት። “ወርዶላታል” አለ። “ግን ገና ነው። ቀስ ብለን ነው የምናወርደው። ራስ ምታት ካላት፣ ወይ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት ንገሪኝ።” ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አውቀዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ረድኤት ግንባሯን ያዘች።

“ራሴን አመመኝ።”

“በጣም?”

“ሊፈነዳ ነው።”

ዶክተሩን ጠራሁት። መጥቶ ዓይኗ ውስጥ በባትሪ አበራ፣ የልብ ምቷን ቆጠረ። “ረድኤት፣ ይቺ ማን ናት?” ብሎ ወደ እኔ አመለከታት። ረድኤት ረጅም ጊዜ አየችኝ።

“እማዬ” አለች።

ዶክተሩ የፈሳሹን መውረጃ ወዲያው ቀነሰና ለሲስተሯ አንድ መድኃኒት አዘዘ። ሲስተሯ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። “የለም፣ ዶክተር። አልቋል።” ማዘዣ ጽፎ ከደጅ ለተመለሰው አባቴ ሰጠው። አባቴ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ወረቀቱን ጨብጦ በሩጫ ወጣ። ከስድሳ ዓመት በላይ ነው፤ ጉልበቱ ያመዋል። ኮሪደሩን ሲሮጥ ከኋላው አየሁት።

“አንጎሏ እያበጠ ነው” አለኝ ዶክተሩ። “ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። በተለይ ልጆችና ወጣቶች ላይ።”

“ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ሲወርድ” አልኩት፣ “ውኃው ወደ ሴሎቹ ይገባል።”

ትኩር ብሎ አየኝ። “ምን ትሠሪያለሽ?”

“ባዮሎጂ አስተምራለሁ።”

“አንዱ ማብራሪያ እሱ ነው። ለምን አንዱ ላይ እንደሚሆንና ሌላው ላይ እንደማይሆን ግን እኛም በትክክል አናውቅም። በዝግታ ነው ያወረድነው። ምንም የተሳሳተ ነገር አልሠራንም” አለ። ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ “ምንም” ብሎ ደገመው። ዕድሜው ከተማሪዎቼ ብዙም የራቀ አይመስልም ነበር። “ያዘዝኩት መድኃኒት ውኃውን ከአንጎሏ መልሶ ወደ ደም የሚስብ ነው። ቶሎ ከመጣ...”

እጇን ይዤ ቆምኩ። መጀመሪያ ስጨምቃት ትጨምቀኝ ነበር። ቀስ በቀስ ተወችው። “ረዲ፣ እህቴ፣ አትተኚ” እላታለሁ። “እሺ” ትላለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። ከዚያ “እሺ” ማለቱንም ተወች። የማውቀው ነገር ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰልፎ ነበር፤ የትኛው ወገን ጨው እንደበዛበት፣ ውኃው ወደየት እንደሚሄድ፣ የራስ ቅል አጥንት ለምን እንደማይሰፋ። አንዱም ለእጄ ሥራ አልሰጠውም።

አባቴ መድኃኒቱን ይዞ መጣ! ላቡ ጃኬቱን አልፎ ወጥቷል። የት እንዳገኘው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ሲስተሯ ከእጁ መንትፋ ወስዳ ሰቀለችው። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ “አገኘሁት፣ አገኘሁት” እያለ። ሁላችንም ጠበቅን። ዶክተሩ እየተመላለሰ በባትሪው ዓይኗን ያያል። አንዴ “ትንሽ ለውጥ አለ” አለ፤ በዚያች ቃል ለተወሰነ ጊዜ ኖርን።

ከዚያ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። ቱቦ አስገቡላት። በጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ የለም፣ የመተንፈሻ መሣሪያዎቹ ሁሉ ተይዘዋል ተባለ። አንድ በእጅ የሚጨመቅ የአየር ከረጢት አምጥተው ሲስተሯ ትጨምቅላት ጀመር። ሌላ በሽተኛ ሲመጣባት እንዴት እንደሚጨመቅ አሳየችኝ። “እንዲህ ጨመቅ፣ ለቀቅ። አትቸኩዪ።” እኔ ስደክም አባቴ ይቀበለኛል። ምን እንዳገኛት ሲጠይቀኝ አንጎሏን ያሳበጠው ውኃ እንደሆነ፣ ውኃውንም በር እንደማይከለክለው ነገርኩት። እሱ ሲጨምቅ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ቆጠራ አላውቅም። እንዲህ ስንቀባበል ነጋ።

እሁድ ጠዋት ዶክተሩ መጥቶ ዓይኗን ለረጅም ጊዜ መረመረ። ከዚያ እጁን በአባቴ እጅ ላይ አኖረ።

“አባባ፣ ይበቃል።”

“አልደከመኝም” አለ አባቴ።

“አውቃለሁ፣ አልደከሙም። እሷ ግን ሄዳለች።”

አባቴ መጨመቁን አላቆመም። እኔ ነኝ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት።

ቀበርናት። የክፍሏ ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው መጡ። ድንኳኑ ከፈረሰና ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ አንድ ከሰዓት ሁለታችን ብቻ ቀረን። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ “ሰላም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለኝ።

“ጠይቀኝ አባዬ።”

“አንጎሏን ያሳበጠው ውኃ ነው አልሽኝ አይደል?”

“አዎ።”

“ውኃውን በር አይከለክለውም አልሽ።”

“አዎ... አይከለክለውም።”

“ዓርብ ሌሊቱን ሙሉ ጠማኝ ትለኝ ነበር” አለ። “እየቀዳሁ ሰጠኋት። ጆጉ ሲያልቅ እየሞላሁ። ‘ጠጪ ልጄ፣ ጠጪ’ እያልኩ።”

አጠገቡ ተንበረከክሁ። “አይደለም! አባዬ፣ ስማኝ፣ ያ ውኃ አይደለም። ሰውነቷ ደርቆ ነበር። ያጠጣሃት ውኃ እስከ ሆስፒታል ያደረሳት ነው። አንተ ባታጠጣት እዚያም አትደርስም ነበር።” ደጋግሜ ነገርኩት። ወረቀት አምጥቼ ሥዕል ሠራሁለት። “እሺ ልጄ” አለ። ያን “እሺ” አውቀዋለሁ፤ ደንበኛ ጨርቁ ያልበቃውን ኮት ስፋልኝ ብሎ ሲከራከረው የሚለው “እሺ” ነው። ዶክተሩን ፈልጌ ስልክ ላይ አገናኘኋቸው። ዶክተሩም እኔ ያልኩትን አለው። አባቴ “እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር” ብሎ ዘጋ። በሳምንቱ ለአጎቴ “በእጄ ነው የገደልኳት” ሲል ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ አባቴ በረንዳው ላይ አልወጣም። የስፌት መኪናው ሱቁ ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። እንግዳ መጥቶ ውኃ ከጠየቀ አባቴ ከጓዳ እኔን ይጠራኛል። በራሱ እጅ ለማንም አይቀዳም።

እኔ በሚቀጥለው ዓመት ለማስተማር ሞክሬ ነበር። ያ ምዕራፍ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ክቡን ሠራሁ፣ ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ አንሾካሾኩ፣ ቀጥሎ ጸጥ አሉ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። አሁን በዚያው ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ነኝ፤ መልቀቂያ ላይ ማኅተም እመታለሁ። ሰው “ለምን ተውሽው? ጎበዝ አስተማሪ ነበርሽ” ይለኛል። ጎበዝ ነበርኩ። ኢንሱሊኑም በኋላ መጥቷል፤ አንድ ወር ይኖራል፣ አንድ ወር ይጠፋል። ጤና ጣቢያው መስኮት ላይ የሚሰለፉትን ልጆች በመንገዴ አያቸዋለሁ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ታሪክ መጨረሻው ላይ ምክር እንዲኖረው እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። “ሁሉ ለበጎ ነው” ያሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ማወቅ ማዳን ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እስከ ትንሿ ሴል ድረስ አውቀዋለሁ፤ ላስቆመው ቀርቶ አባቴን እንኳ ላስረዳው አልቻልኩም። ከእውቀቴ የተረፈኝ ሰው የማያየውን ማየት ብቻ ነው፤ እሱም አያሳርፍም።

በቅርቡ ከተክለ ሃይማኖት በሚኒባስ ስመለስ ፊት ለፊቴ አንዲት እናት የስድስት ሰባት ዓመት ሴት ልጅ ይዛ ተቀመጠች። የልጅቷ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል፤ አንገቷ እንደ ክር ቀጥኗል። ትልቅ የውኃ ኮዳ አቅፋ ትጠጣለች፣ ታርፋለች፣ ደግማ ትጠጣለች።

“እማዬ፣ ሽንቴ መጣ።”

“አሁን እኮ ነው የሸናሽው!” አለች እናቲቱ በቁጣ።

“እህቴ” አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። “ልጅሽ ከከሳች ቆየች?”

“ትል ነው ብለውናል። መድኃኒት ወስዳለች።”

“ስኳሯን አስለክተሻል?”

“የምን ስኳር?”

“ዛሬውኑ አስለኪያት። ነገ አትበዪ። ጣቷን ብቻ ነው የሚወጓት። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ እዚሁ ቅርብ ጤና ጣቢያ አለ፣ አሁን እንውረድ...” ሳላውቀው ክንዷን ይዣት ነበር። ድምፄም ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየኛል።

“ምን ሆነሻል አንቺ? በልጄ ታሟርቺብኛለሽ?” ክንዷን መነጨቀች። “ወራጅ አለ!”

መኪናው ጥግ ያዘ። ልጇን ጎትታ ወረደች። ተከትዬ ልወርድ ስነሳ ረዳቱ በሩን ዘግቶ “ሳበው!” አለ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ። በመስኮቱ አየኋቸው። እናቲቱ ወደ ሰዉ መሀል በፍጥነት ትሄዳለች። ልጅቷ በአንድ እጇ እየተጎተተች፣ በሌላው እጇ ኮዳውን ወደ አፏ አስጠግታ እየሄደች ትጠጣ ነበር።